ሰባተኛው ፎቅ ላይ ምን አለ?

ደብዳቤው

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው ግን ዲሲ ውስጥ፣ አንድ የቆየ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ሌሊት ፍሮንት ዴስክ ነው። ሕንፃው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ውስጡ ግን ጤነኛ አይመስልም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ግድግዳ ጋ የሚያልቅ ደረጃ አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ሲከፈት ጡብ ነው። ኮሪደሩ መሀል ላይ ያለምክንያት ሦስት ደረጃ ከፍ ይላል። አሳንሰሩ ከ6 ቀጥሎ 8 ላይ ነው የሚቆመው። 7 ለመግባት ቁልፍ ያስፈልጋል።

አንድ ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ ይህን ሁሉ በስልኬ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። ከዚያ ጉድ ፈላ። "የቤት መርማሪዎች ነን" የሚሉ ሰዎች መጡ። የሕንፃውን ፕላን ከቪዲዮው ላይ አስልተው ሣሉት። ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው እኔንም አስገቡኝ። አንዱ 7ኛው ፎቅ የስለላ ቢሮ ነው ይላል። ሌላው ሰው ይደበቅበታል ይላል። ስለ ዊንቸስተር ቤት እየላኩ "ቁርጥ ይሄ ነው" ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ድሮ ሕንፃውን ያስተዳድሩ የነበሩ አንዲት አሮጊት ስም አወጡ። አሁን የሚኖሩበትን አድራሻም ለጠፉ። አንዱ "ማስተር ኪ አለህ አይደል? 7ኛውን ከፍተህ በላይቭ አሳየን፣ 500 ዶላር እንልክልሃለን" አለኝ።

ባለቤቴ ቪዲዮውን አጥፋ፣ ከግሩፑም ውጣ ብላ ተቆጥታኛለች። እውነቱን ልንገርዎትና እኔ ግን የሆነ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም። ልክፈተው ወይስ ልተወው?

እንቅልፍ ያጣው የሌሊት ተረኛ

መልስ

ወንድሜ፣ አትክፈተው። ያንን ቁልፍ ለዚህ ጉዳይ ከኪስህ አታውጣው። 500 ዶላር ቢሉህም 5,000 ቢሉህም ያው ነው።

ስለ ቤቱ ብዙ የምልህ አለኝ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሴትየዋ ጉዳይ ነው። አንተ በደብዳቤህ በሁለት መስመር አልፈሃቸዋል። እኔ ግን ደብዳቤውን ሳነብ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። አንዲት አሮጊት ቤታቸው ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። የማያውቋቸው ሰዎች ደግሞ አድራሻቸውን ይዘው "ሰው የሚደበቅበት ፎቅ" እያሉ ይነጋገራሉ። ሴትየዋ የሚያውቁት ነገር የለም። ወሬው የተነሳው ደግሞ አንተ ከለቀቅከው ቪዲዮ ነው።

ስለዚህ ይህን ከማንበብህ ቀጥሎ ግሩፑ ውስጥ ግባና በሚገባቸው ቋንቋ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ "ቪዲዮውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እዚህ ስማቸው የተጠቀሰው ሴት በማንኛውም ወንጀል የተጠረጠሩ አይደሉም። ስማቸውንና አድራሻቸውን አሁኑኑ አጥፉ። እኔ ምንም በር አልከፍትም።" ከዚህ አታስረዝመው። አትከራከር። መልእክትህንም፣ አድራሻውን የለጠፈውንም ስክሪንሹት አንስተህ አስቀምጥ። ከዚያ ልጥፉን ለቴሌግራም ሪፖርት አድርግ። አድራሻው ካልጠፋ፣ ወይም አንዱ "ሄጄ አያታለሁ" ብሎ ከጻፈ፣ ነገሩ ከአንተ አቅም በላይ ነው፤ ለፖሊስ ስጥ።

ለምን እንዲህ እንደምቸኩል ልንገርህ። በ2013 (በፈረንጆቹ) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሴሲል በሚባል ሆቴል አንዲት ወጣት እንግዳ ጠፋች። ፖሊስ የሚያውቃት ካለ ብሎ በአሳንሰር ውስጥ የተቀረጸችበትን ቪዲዮ ለቀቀ። ዓለም ሁሉ መርማሪ ሆነ። የአሳንሰሩን በር፣ የኮሪደሩን ጥግ፣ የቪዲዮውን ሰዓት ሳይቀር መነዘሩት። በመጨረሻ ልጅቷ ሞታ ጣሪያው ላይ ካለው የውሃ ታንከር ውስጥ ተገኘች። የአስከሬን ምርመራ ቢሮውም በአደጋ ውሃ ውስጥ ሰጥማ ነው አለ። የበይነመረብ መርማሪዎች ግን አንድን የሜክሲኮ ሙዚቀኛ "ገዳይ" ብለው ነበር። ለምን? እዚያ ሆቴል አርፎ ቪዲዮ ስለለጠፈ። ሰውየው እዚያ ያረፈው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። ልጅቷ ስትጠፋ አሜሪካ ውስጥ እንኳን አልነበረም። የግድያ ዛቻ ግን ለረጅም ጊዜ ጎርፎበታል። ወዳጄ፣ ባንተዋ ሴትዮም ላይ ያላቸው "ማስረጃ" ይኸው ነው፦ እዚያ ቤት ውስጥ ነበሩ።

አሁን ወደ ቤቱ። እውነቱን አልነፍግህም፤ ዓይንህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ ተመላልሶበት የማያየውን አንተ አይተሃል። ሕንፃዎች ደግሞ ይናገራሉ፤ ቋንቋቸው የገንዘብና የጥገና ቋንቋ ስለሆነ ነው እንጂ።

ከሦስቱ ደረጃዎች እንጀምር። የአንድ ኮሪደር ወለል መሀል ላይ ሦስት ደረጃ ከፍ ካለ፣ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ሁለት ሕንፃዎች ተገጥመው አንድ መሆናቸውን ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶችን አንድ ባለንብረት ይገዛቸዋል። ግድግዳውን ቀዶ ያገናኛቸዋል። ታዲያ የአንዱ ወለል ከሌላው ጋር እኩል አይመጣም። አንድ ደረጃ 17 ወይም 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሦስቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። በተለያየ ዘመን የሠሩ ሁለት ግንበኞች ያልተነጋገሩባት ግማሽ ሜትር ማለት ናት። እስኪ ዛሬ ማታ ስትገባ ልብ በል። ከደረጃው ወዲህና ወዲያ መስኮቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው? የበሩ ፍሬምስ? የጣሪያው ከፍታስ? ከተለያዩ መልሱን ግማሽ አግኝተሃል።

ያ ሲከፈት ጡብ የሆነው በር እዚያው አካባቢ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገጥማል። አንድ ጊዜ መተላለፊያ ነበር። በኋላ ሕንፃው ሲከፋፈል ወይም የእሳት አደጋ ደንብ ሲጠብቅ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ያለ ክፍተት ይሁን ተባለ። ጡብ ደረደሩበት። በሩን ግን ማን ይንቀለው? መንቀል፣ መለሰን፣ መቀባት፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ዘጉት፣ ሄዱ።

ግድግዳ ጋ የሚያልቀውም ደረጃ የዚሁ ዘመድ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ደረጃው የሚወጣበት ክፍት ቦታ አለ። ያ ቦታ ለባለንብረቱ ባዶ የሄደ ኪራይ ነው። ወለል ሞልተው ከአንዱ አፓርታማ ጋር ቀላቀሉት። የታችኛው ደረጃ በአየር ላይ ቀረ። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ይህ ዓይነት ቦታን የመጭመቅ ሥራ ምክንያት አለው። ከ1910 ጀምሮ የሕንፃ ከፍታን የሚገድብ የፌዴራል ሕግ አለ። ከፍታው ከመንገዱ ስፋት ጋር የታሰረ ነው፤ በንግድ ጎዳናዎች ላይ ጣሪያው በአብዛኛው 130 ጫማ ነው። እንደ ኒው ዮርክ ወደ ላይ መሸሽ የለም። ስለዚህ ወደ ውስጥና ወደ ታች ነው የሚያብቃቁት።

7ኛው ፎቅ? አሳንሰር ያለ ቁልፍ የማይቆምበት ፎቅ ብርቅ አይደለም። ሙሉ ፎቁን አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ሲከራየው፣ የአሳንሰሩ በር ቀጥታ ሳሎን ውስጥ ስለሚከፈት በቁልፍ ይሆናል። ወይም ማሽን ያለበት ፎቅ ነው፦ ፓምፕ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ የመብራት ሰሌዳ። ወይም እድሳት ላይ ሆኖ ባዶ ነው። ቁጥር መዝለልን በተመለከተማ፣ አሜሪካ ውስጥ 13 የሚል ቁልፍ የሌለው አሳንሰር ስንት አለ! 14 ብለው የሚያከራዩት ፎቅ ያው 13ኛው ነው። እዚያ ለሚተኛው ሰው ምን እንደሚለወጥለት እግዜር ይወቅ።

ስለ ዊንቸስተር ቤት የላኩልህ ነገር ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ እሱን እናውራ። ቤቱ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ነው ያለው። ሣራ ዊንቸስተር በጠመንጃዎቹ የታወቀው የዊንቸስተር ቤተሰብ ባል የሞተባት ሴት ናት። በ1886 አንድ የገበሬ ቤት ገዛች፤ በ1922 እስክትሞት ድረስ ስታስፋፋው ኖረች። 160 ያህል ክፍል አለው። ጣሪያ ጋ የሚያልቅ ደረጃ አለው። ላይኛው ፎቅ ላይ ሲከፈት ወደ አየር የሚጥል በር አለው። በጠመንጃው የሞቱ ሰዎች መናፍስት እንዳያገኟት ግራ ለማጋባት ነው የሠራችው ይባላል። ሞታ ዓመት ሳይሞላት ቤቱ ለጎብኚ ተከፈተ። ቲኬት የሚሸጠው ታሪክ የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትህም።

አሁን አንድ ቦታ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። እዚያ ቤት ውስጥ እጅግ አጫጭር ደረጃዎች አሉ። የአንዱ ከፍታ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ወፍራም መጽሐፍ አያክልም። ከ40 በላይ ናቸው። እየተጠማዘዙ፣ እየዞሩ ሄደው ሄደው የሚያወጡህ አንድ ፎቅ ብቻ ነው። ለመናፍስት አዳኙ ይህ የእብደት ማስረጃ ነው። ሴትየዋ ግን መገጣጠሚያዋን የሚያሳምም ከባድ በሽታ ነበረባት። እግሯን ከፍ አድርጋ ማንሳት አትችልም ነበር። እናትህ ጉልበቷን ሲያማት ደረጃ ስትወጣ አይተሃት ከሆነ፣ ያ ደረጃ ለምን እንደተሠራ ማንም ሊያስረዳህ አያስፈልግም።

አየር ላይ የሚከፈተውስ በር? በ1906 የሳን ፍራንሲስኮው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ያንንም ቤት መትቶታል። ሰባት ፎቅ የነበረው ግንብ ፈረሰ። የላይኛው ፎቆች ክፍል ተጎዳ። ሣራ ዊንቸስተር የተጎዳውን አስጠረገች እንጂ ብዙውን መልሳ አልሠራችውም። በረንዳ ወይም ክፍል የነበረበት ቦታ ሲወገድ በሩ ብቻውን ቀረ። ሕይወቷን ያጠኑ የታሪክ ሰዎች የሚሉት ይህንን ነው። አየህ፣ ጉልበትና የመሬት መንቀጥቀጥ። ከመናፍስቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

እሳት በሌለበት ጭስ የለም ብለሃል። ልክ ነህ፤ አንዳንዴ እሳቱ አለ። ከዲሲ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ብትነዳ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ግሪንብራየር የሚባል ትልቅ ሆቴል አለ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ክንፍ ሲሠራለት ከሥሩ ሌላ ነገር አብሮ ተሠራ። የኑክሌር ጦርነት ቢመጣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በሙሉ ገብተው የሚሠሩበት መሸሸጊያ። ወደ 1,100 ሰው የሚያስተኛ። አንደኛው በሩ 25 ቶን ይመዝናል።

ከሁሉ የሚገርመው ክፍል አልተደበቀም ነበር። የሆቴሉ እንግዶች ስብሰባና ኤግዚቢሽን ያደርጉበት የነበረው ትልቅ አዳራሽ ራሱ የመሸሸጊያው አካል ነበር። ነጋዴዎች ዕቃቸውን ደርድረው ቡና እየጠጡ ይቆማሉ፤ የቆሙት መሸሸጊያው ውስጥ ነው። አዳራሹ መግቢያ ላይ ያለውን ግዙፍ የብረት በር የሚሸፍነው የግድግዳ ወረቀት የተለጠፈበት ተንሸራታች ግድግዳ ነበር። ጠባቂዎቹ ደግሞ የሆቴሉ የቴሌቪዥን ጠጋኞች ሆነው ይሠሩ ነበር። የእውነትም ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር! እንዲህ ሆኖ 30 ዓመት ቆየ።

የአካባቢው ሰው ይጠረጥር ነበር። ለአንድ የሆቴል ክንፍ ይህ ሁሉ ኮንክሪት ምን ያደርጋል ያሉ ነበሩ። ጥርጣሬው ግን ጥርጣሬ ሆኖ ነው የኖረው። ነገሩን ያወጣው በግንቦት 1992 በዋሽንግተን ፖስት ላይ የጻፈው ቴድ ጋፕ የተባለ ጋዜጠኛ ነው። ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተነጋገረ፣ ቦታው ድረስ ሄደ፣ አጣርቶ በስሙ ጻፈ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ቢሳሳት ተጠያቂው እሱ ነበር። አንተ ግሩፕ ውስጥ ስሙን የጻፈ አንድ ሰው አለ? ዛሬ መሸሸጊያው ሥራውን ጨርሶ በቲኬት ይጎበኛል። እንደዚህ ዓይነት ነገር የምትወድ ከሆነ ባለቤትህን ይዘህ አንድ ቅዳሜ ሂድ፤ ከቴሌግራሙ ይሻልሃል።

አሁን ደግሞ እሳቱ የሌለበትን ልንገርህ። ይሄኛው እዚሁ ዲሲ ነው፤ ኮኔቲከት አቬኑ ላይ። ምናልባት በፊቱ አልፈህ ታውቃለህ። ኮሜት ፒንግ ፖንግ የሚባል ፒዛ ቤት ነው፤ ልጆች ይዘው የሚሄዱበት፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ያለበት። በ2016 መገባደጃ ላይ፣ በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሰሞን፣ የበይነመረብ መርማሪዎች ተነሱበት። ከተሰረቁ የፖለቲካ ሰዎች ኢሜይሎች ውስጥ "ፒዛ" እና "አይብ" የሚሉ ቃላት መዘው ምስጢራዊ ኮድ ናቸው አሉ። የግድግዳ ሥዕሎቹን አጉልተው አዩ። ከባለቤቱ ገጽ ላይ ፎቶ ለቀሙ። በመጨረሻ የደረሱበት፣ ከቤቱ ሥር ልጆች የሚታገቱበት ምድር ቤት አለ የሚል ነበር። ጎረቤት ያሉ ሱቆች ሳይቀሩ ዛቻ ደረሳቸው።

ታኅሣሥ 4 ቀን እሑድ አንድ የሁለት ልጆች አባት ከኖርዝ ካሮላይና ጠመንጃ ይዞ ነድቶ መጣ። ልጆቹን ላድን ነው ያለው። ቤተሰቦች ምሳ እየበሉ ነበር፤ ሲያዩት ወጥተው ሮጡ። ሰውየው ቤቱን ፈተሸ። አንድ የተቆለፈ በር አገኘ። አልከፈት ሲለው ተኮሰበት። ከበሩ ጀርባ የነበረው የኮምፒውተር ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነው። ምድር ቤትማ መጀመሪያውኑ ቤቱ የለውም። አንድም ሰው አለመጎዳቱ ዕድል ነው። እጁን ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። የፈረዱት ዳኛ ዛሬ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተቀመጡት ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው። ሰውየው በታሰረ ሰሞን ለጋዜጣ ያለውን ልንገርህ፦ መረጃው መቶ በመቶ አልነበረም አለ።

ልብ በል፤ እዚያም ነገሩ የተቆለፈ በር ላይ ነው የደረሰው።

ከዚያስ አመኑ ወይ ብለህ ጠይቀኝ። የተወሰኑት "ሰውየው ተዋናይ ነው፣ ሆን ተብሎ የተቀነባበረ ነው" አሉ። እንግዲህ አንተም 7ኛውን ከፍተህ ፓምፕና ቱቦ ብታሳያቸው ምን የሚሉህ ይመስልሃል? "አውቀው አነሱት። የማታ አይደለም፣ የቀን ፈረቃ ላይ ክፈተው። ከፓምፑ ጀርባስ ምን አለ?" የሰው ቤት ሆኖ አንዲት ሴት በሌሊት ልብሷ ብትወጣብህስ? ላይቭ ነው። መልሰህ አትሰበስበውም።

ስለ 500 ዶላሩም ቁርጡን እንነጋገር። እነሱ የውሸት ስምና የድመት ፎቶ ነው ያላቸው። አንተ ደረትህ ላይ ስምህ ተጽፏል። የፈረቃ ሰሌዳው ላይ ስምህ አለ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ካሜራ የሚቀርጸው አንተን ነው። የተሰጠህን ቁልፍ ከሥራህ ውጪ ተጠቅመህ የተከራይ ቤት ብትገባ፣ ከሥራ መባረር ትንሹ ነገር ነው። ክስ ሊመጣ ይችላል። ወረቀትህ ገና ያላለቀ ከሆነ ደግሞ ክስ የሚባል ነገር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ወገኖቻችን በዚህ ከተማ ፓርኪንግና ፍሮንት ዴስክ ላይ ተቀምጠው ስንቱን ልጅ እንዳስተማሩ አስብ። ሰው ቁልፉን የሚሰጠን ስለሚያምነን ነው።

ቪዲዮውን በተመለከተ ከባለቤትህ ጋር ነኝ። አውርደው። ወድጄ አይደለም፤ ጥሩ ቪዲዮ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ግን ሰዎች ከሱ ላይ ፕላን መሣል ከቻሉ፣ የትኛው ኮሪደር የት እንደሚያወጣ፣ የትኛው በር ቁልፍ እንዳለው ሌባም መሣል ይችላል። እዚያ ቤት ሰዎች ይተኛሉ። አንተ ደግሞ የምትከፈለው እነሱ እንዲተኙ ነው። ዋናውን ቅጂ ስልክህ ላይ አስቀምጥ፤ ነገሩ ወደፊት ጥያቄ ካስነሳ ምን እንደለቀቅክ ማሳየት ይኖርብሃል።

ከዚያ ለሱፐርቫይዘርህ ራስህ ንገረው። ይሄ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። "ዝም ብል ይረሳ ይሆናል" ትል ይሆናል። የሴትየዋ አድራሻ ባይወጣ ኖሮ እኔም ዝም በል እልህ ይሆናል። አሁን ግን አንዱ ሞኝ ሌሊት መጥቶ ያንን በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ወይም ሴትየዋ ጋ ሊሄድ። ያን ጊዜ አለቃህ ከፖሊስ ከሚሰማው አሁን ከአንተ ቢሰማው ይሻላል። አጭር አድርገው፦ ቪዲዮ ለቅቄ ነበር፣ አውርጄዋለሁ፣ ሰዎች እንዲህ እያሉ ነው፣ የድሮ አስተዳዳሪዋም ስማቸው ስለወጣ ቢነገራቸው ጥሩ ነው። ሊቆጣ ይችላል። ማስጠንቀቂያም ሊጽፍብህ ይችላል። ለሴትየዋ ደውሎ የሚነግር ግን እሱ ነው፤ አንተ በር ላይ ሄደህ ብትቆም የምታስፈራቸው አንተ ትሆናለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ፎቅ ላይ እውነት የሰው ጩኸት ብትሰማ፣ ወይም ተቸገርኩ የሚል ሰው ብታይ፣ ወደ ግሩፑም ወደ እኔም አትጻፍ። 911 ደውል። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድም እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ያለው ደረጃ፣ ጡብና ቁልፍ ነው።

ጉጉትህስ ምን ይሁን? እሱን እንዳትጥለው። መጀመሪያ የሕንፃውን ኢንጂነር ፈልገው። ቦይለሩን፣ ቧንቧውን፣ አሳንሰሩን የሚያውቀውን ሰውዬ ማለቴ ነው። ጠዋት ፈረቃ ስትቀያየሩ ቡና ይዘህለት ጠብቀው። "እዚህ ምን ተደበቀ?" ብለህ አትጠይቀው፤ ይስቅብሃል። "ይሄ በር መቼ ነው የተደፈነው?" በለው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለ ሕንፃቸው የሚጠይቃቸው ስለሌለ፣ ከጀመሩ አያቆሙም። 7ኛው ላይ ምን እንዳለም በሁለት ቃል የሚነግርህ እሱ ነው።

ከዚያ ሰነዱ አለ። መሀል ከተማ ጂ ስትሪት ላይ ያለውን የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ታውቀዋለህ። እዚያ የከተማዋ ታሪክ ክፍል አለ። ከ1877 እስከ 1949 የተሰጡ የዲሲ የግንባታ ፈቃዶች በማይክሮፊልም ይገኛሉ። ማን ሠራው፣ ማን ነደፈው፣ በስንት ብር፣ መቼ ጨመሩበት፣ ብዙው እዚያ ላይ ይወጣል። ሳንቦርን የሚባሉ የድሮ የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎችም አሉ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የትኛው ቤት ቶሎ እንደሚቃጠል ለማወቅ ያሠሯቸው ነበሩ። ስለዚህ ቤቱ ከጡብ ይሁን ከእንጨት፣ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ጎረቤቶቹ ግድግዳ ይጋሩ እንደሆነ ሳይቀር ያሳያሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት (ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ) ብዙዎቹን ኦንላይን ላይ ስላስቀመጣቸው ከሥራ ቦታህ ሆነህም ታያቸዋለህ። ያ ሕንፃ በአንዱ ዘመን ካርታ ላይ ሁለት ሆኖ፣ በሌላው ላይ አንድ ሆኖ ካገኘኸው የሦስቱ ደረጃዎች ነገር አለቀ።

ቤተ መጻሕፍቱ ስትሄድ የመንገዱን አድራሻ ብቻ ይዘህ አትሂድ። ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ ይዞታ "ስኩዌር" እና "ሎት" የሚባል ቁጥር አለው። የከተማው የንብረት ግብር ገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገባ ይወጣልሃል። የቤት ቁጥር በዘመን ይቀያየራል፤ በዚያ ቁጥር ግን የድሮውን ወረቀት ማግኘት ይቀላል። ጽፈኸው ሂድ።